ቁመቷ ስንት ደረሰ?

በቤታችሁ አንድ ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ሳይኖር አይቀርም። ክዳኑ ላይ ብስኩት ተስሏል፤ ሲከፈት ግን የብስኩት ፍርፋሪ እንኳ የለበትም። ልጅ ሳላችሁ ተስፋ አድርጋችሁ የከፈታችሁት ብዙዎች እንደምትሆኑ እገምታለሁ። የሚገኘው መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ ከአሮጌ ሸሚዝ የተነቀለ ቁልፍ፣ ኪሮሽ፣ መቀስ፣ ደግሞም ከየትኛው ልብስ እንደ ወጣ ማንም የማያውቀው አንድ ዚፕ ነው። ቅር ብሏችሁ መልሳችሁ ትከድኑታላችሁ።

ዛሬ ክዳኑን አብረን እንድንከፍተው ልጠይቃችሁ ነው። በመጀመሪያ ግን ቀና ብላችሁ ያላችሁበትን ቤት ተመልከቱ። ቴሌቪዥኑ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ከፋብሪካ አልመጣም፤ አንዲት ሴት ወጡ እስኪበስል፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አንድ አንድ ቀለበት እያያዘች በኪሮሽ የሠራችው ነው። የትራሱ ልብስ ላይ በቀይ ክር «ደህና እደሩ» ተብሎ ተጠልፎ ይሆናል፤ ከግራና ከቀኙም ርግብ ይሁኑ ዳክዬ የማይለዩ ሁለት ወፎች አሉ። የመሶቡ ልብስ፣ የሕፃን ማዘያው፣ የጋቢው ጫፍ ላይ በጣት የተቋጨው ክር፣ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ አለበት።

ቋንቋችንም ለዚህ ሥራ የሰጠው ስም ደስ ይላል። እናቶቻችን «ስፌት ይዣለሁ» ሲሉ በመርፌ ልብስ እየሰፉ፣ ወይም በወስፌ ከስንደዶና ከአክርማ መሶብ እየሰፉ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ሁለቱም ስፌት ናቸው። ለየብቻ ያለውን ማያያዝ፣ የተቀደደውንም መግጠም ነው ሥራው።

«ዛሬ ማን ይሰፋል?» ብትሉኝ ጥያቄአችሁ ልክ ነው። ገበያ ወጥታችሁ ከሳልባጅ ክምር ውስጥ አንድ የልጅ ቀሚስ ብትመርጡ፣ ጨርቅ ገዝቶ ከማሰፋት ይረክስላችኋል። በሒሳብ ከሄድን ክርክሩን እረታለሁ አልልም። ስለዚህ ከሒሳብ አልጀምርም፤ ከሐና እጀምራለሁ።

የሐናን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ሁላችንም ሰምተናል። ስለ እንባዋ፣ ስለ ጸሎቷ፣ ልጇን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለጌታ ስለ መስጠቷ ብዙ ተሰብኮልናል። በ1ኛ ሳሙኤል 2፥19 ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቆም የማንልበት አንድ ነገር አለ። ሐና በየዓመቱ ከባሏ ጋር መሥዋዕት ለማቅረብ ስትወጣ፣ ለሳሙኤል ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር።

እስቲ ይህን አስቡት። ልጇ ያለው ሴሎ ነው፤ ልብሱ የሚሠራው ግን እርሷ ቤት ነው። አምና እዚህ ድረስ ነበር፤ ዘንድሮስ ምን ያህል አድጓል? ትከሻው ሰፍቶ ይሆን? እጅጌው ላይ ስንት ጣት ልጨምር? መጽሐፉ እንዲህ ብላ አሰበች አይለንም፤ ለልጅ ልብስ የሰፋ ሰው ግን ሳያስብ ሊሰፋ እንደማይችል ያውቃል። በዓመት አንዴ የምታየውን ልጅ ቁመት፣ ዓመቱን ሙሉ በልቧ ስትለካ ትኖራለች።

እኔ ይህን ክፍል የተማርሁት ከመድረክ አይደለም። በእኛ ቤት ሐና እታለም ናት።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ፣ ደሴ ያለው ቤታችን በእናቴ እጅ ሥራ ላይ ቀረ። እናቴ ለጎረቤት ልብስ ትጠግናለች፣ የትራስ ልብስ ትጠልፋለች፤ የቤት ኪራይ ግን በጥልፍ ብቻ አልከፈል አለ። እታለም ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ልጇ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። «ሁለት ዓመት ብቻ» ተብሎ ነበር። አሁን ስድስተኛውን ዓመት ይዘናል። ደብተሬና የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከማን ላብ እንደሚመጣ እያወቅሁ ተምሬ፣ ዛሬ ኮሌጅ ገብቻለሁ።

ሕፃኗ አፏን የፈታችው በእናቴ ጉያ ነው። ስለዚህ «እማዬ» የምትለው አያቷን ነው። የወለደቻትን ደግሞ «የስልኳ እማ» ትላታለች። ማንም አላስተማራትም፤ ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ኢሞ ሲጠራ «የስልኳ እማ ደወለች!» እያለች ትሮጣለች። እታለም ትስቃለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደምትሆን ግን አናይም።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ እታለም ወደ አገር ከምትገባ ሴት ጋር የተገዛ ቀሚስ ላከች። ቆንጆ ነበር፤ ልጅቷን ግን ዋጣት። በሁለተኛው ዓመት የላከችው ደግሞ ከብብቷ አላልፍ አለ። በስልክ የሚታይ ልጅ ቁመት የለውም፤ ስክሪኑ ትንሹንም ትልቁንም እኩል ያደርገዋል። ያን ጊዜ እታለም «ራሴ እሰፋላታለሁ» አለች። የቤቱ ሰዎች የተዉት ንጹሕ አንሶላ ነበራት። መርፌና ክር ነበራት። ሌሊት ሥራ ካለቀ በኋላም አንድ ሰዓት ነበራት። የጎደላት ልኩ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የምትለካውም በክር ነው። ልጅቷን ግድግዳ አስደግፋ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ክር ታወርድና ትቋጥረዋለች። በሁለተኛ ክር ደረቷን ዞራ ትቋጥራለች። በሦስተኛው እጇን ከትከሻ እስከ አንጓ። እኔ ክሮቹን ማስመሪያ ላይ ዘርግቼ ወደ ሳንቲ ሜትር እቀይርና ለእታለም እጽፍላታለሁ። የእኔ ድርሻ ይኸው ነበር፤ የክር አስተርጓሚ። እናቴ የየዓመቱን ሦስት ክር በወረቀት ጠቅልላ ቆርቆሮው ውስጥ ታስቀምጣለች። እንግዳ ቢከፍተው ቁርጥራጭ ክር ነው የሚያየው። ለእኛ ግን ልጅቷ ያደገችባቸው ዓመታት እዚያ ውስጥ ናቸው።

በሦስተኛው ዓመት በእጅ የተሰፋው የመጀመሪያው ቀሚስ ደረሰ። እናቴ መጀመሪያ ገለበጠችው። ልብስ የሚያውቅ ሰው ውጩን ሳይሆን ውስጡን ነው የሚያየው። ስፌቱ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ የተሰፋ ነበር። እንዲህ የተሰፋ ልብስ አንድ ቦታ ላይ ክሩ ቢበጠስ ቶሎ ተተርትሮ አያልቅም፤ ጊዜ ግን ይፈጃል። የታችኛው ዘምዘማ ደግሞ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። እናቴ እጥፉን በጣቷ ለክታ ዝም አለች። ቆይታ «ይህ ለከርሞ ነው» አለች።

ልጅ ሲያድግ እጥፉ ይፈታና ቀሚሱ ይረዝማል፤ እናቶች ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ ነው። እታለም በዚያ ዓመት እንደማትመጣ በቃሏ አልነገረችንም ነበር። ዘምዘማው ግን ነገረን።

በአራተኛው ዓመት ስልኩ ዝም አለ። ከነሐሴ እስከ ጥር ድምፅዋን አልሰማንም። አሠሪዎቿ ስልኳን እንደ ወሰዱባት ያወቅነው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የምናውቀው ዝምታውን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ዝምታ ገብቶባቸው ያልወጣላቸው ቤቶች በሰፈራችን አሉ። የጸሎት ኅብረት እናቶች በየሳምንቱ እየመጡ አብረውን ይጸልዩ ነበር። መስከረም ሲጠባ እናቴ እንደ ልማዷ ልጅቷን ግድግዳ አስደገፈቻት። ክሩን አወረደች፣ ቋጠረች፣ በወረቀት ጠቀለለች፣ ቆርቆሮው ውስጥ አኖረች። ማን እንደሚሰፋው አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋትም። ስለ እምነት በተነሣ ቁጥር ከዚያ ዓመት ጸሎት እኩል ያ ክር ትዝ ይለኛል።

በጥር ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። እታለም ነበረች። ለቅሶው ጋብ ሲል እናቴ «ምን አገኘሽ ልጄ?» አለቻት። እርሷ ግን ስለ ራሷ ከመናገሯ በፊት «ቁመቷ ስንት ደረሰ?» ብላ ጠየቀች። ሮጬ ቆርቆሮውን አመጣሁና የመስከረሙን ክር ማስመሪያ ላይ ዘረጋሁት።

ያ ቀሚስ እጃችን የገባው በሰኔ ነው። በመስከረም ክር የተለካ ልብስ በሰኔ ይጠብባል። ልጅቷ ለብሳው ደረቷ ላይ ያዛት፤ ጉልበቷም ላይ አልደረሰ። አውልቃ ወረወረችውና «የስልኳ እማ እኔን አታውቀኝም» ብላ አለቀሰች።

እናቴ ልትመክራት አልሞከረችም። መቀሷን አነሣች። የቀሚሱን ሁለት ጎን ከብብት እስከ ታች ተረተረችው። ከአሮጌ ነጠላዋ ላይ ጥለቱን ቀደደችና ለግራና ለቀኝ ሁለት፣ ለታች ደግሞ አንድ ረጅም ቁራጭ አወጣች። የቀኙንና የታቹን እርሷ ገጠመች፤ የግራውን እኔ ሰፋሁ፤ አንድ ወደፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ፣ እንደ እታለም። ማታ ላይ ልጅቷ ለበሰችው። ባለ ጥለት ሆኖ ከቀድሞው አምሮ ነበር። ከመስተዋቱ ፊት ቆማ በጣቷ እየነካች «ይሄ የእማዬ፣ ይሄ የጋሼ፣ ይሄ የእማ» አለች። «የስልኳ» የሚለውን ዘለለችው። በማግሥቱ ስልኩ ሲጠራ ወደ ልማዷ ተመልሳለች፤ እናቴ ግን የሰማችውን ሰምታለች።

ይህን የምነግራችሁ ስደትን በጥልፍ ላስጌጥላችሁ አይደለም። ቀሚስ እናትን አይተካም። እታለምን ከቤት ያወጣት ችግር ነው፤ ችግሩም አሁን ድረስ አለ። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ገንዘብ ሲላክ ዳቦና ደብተር ይሆናል፤ እናመሰግናለን፤ ከዚያ ያልቃል። በእጅ የተሰፋ ነገር ሲላክ ግን ሰውየው ስለ አንተ፣ ስለ አንቺ፣ ሰዓታት ሙሉ ሲያስብ እንደ ነበር በጨርቁ ላይ ይነበባል። በዓመቱ ውስጥ ስንት ሌሊት እንደ ተቀመጠች ስፌቱን ቆጥሮ መገመት ይቻላል።

ወንዶች፣ «ይህ የእህቶች ርዕስ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ስትሉ ያዝኋችሁ። እስቲ በገበያ ቀን በየበረንዳው የስፌት መኪና የሚረግጡትን ተመልከቱ፤ አብዛኞቹ እነማን ናቸው? በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ሸማና ጥበብ የሚሸምኑት የዶርዜ ሸማኔዎችስ? ወንዶች ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲደርስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ ድንኳን ይሠራ ነበር፤ ሐዋርያት ሥራ 18፥3 ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙዎቻችን የምናውቃትን ሲንጀርን ያቋቋመው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው አይዛክ ሲንገርም ወንድ ነበር። በገበያ የወንድ የሆነ ሥራ ቤት ሲገባ የሴት ብቻ የሚሆንበትን ምክንያት እኔ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ሁላችሁም፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልትሞክሩት የምትችሉትን ላካፍላችሁ። የምነግራችሁ ከእናቴ የለመድሁትን ነው።

በላላ ቁልፍ ጀምሩ። ክሩን ከክንዳችሁ ርዝመት አታስበልጡት፤ ረጅም ክር እየተወሳሰበ ያበሳጫል። ክሩን በሰም ቁራጭ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ብትጎትቱት ይጠነክራል፤ ቶሎም አይቋጠርም። ቁልፉን ከጨርቁ ጋር አጣብቃችሁ አትስፉት፤ የክብሪት እንጨት በመካከል አድርጋችሁ ስፉና በኋላ እንጨቱን አውጡት፤ በተገኘው ክፍተት ላይ ክሩን ጠምጥማችሁ ቋጥሩ። እንዲህ የተሰፋ ቁልፍ ልብሱን ሳይጎትት ይቆያል።

ቀጥሎ መጣፍን ተማሩ። መጣፊያው ጨርቅ ከቀዳዳው በሁሉም በኩል ሰፋ ይበል፤ ዳሩ ታጥፎ ይሰፋ፤ የክሩ አቅጣጫም ከልብሱ ክር አቅጣጫ ጋር ይግጠም፤ አለዚያ ሲታጠብ ይኮማተራል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ከሆነ ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት። ጌታችን በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ ጨርቅ የተናገረውን ምሳሌ፣ የጣፈ ሰው ከሁሉ ፈጥኖ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል። በወጣቶች ኅብረታችሁ ውስጥ፣ በሰንበት ትምህርት ክፍሎች ውስጥ፣ እናታቸውን ወይም አባታቸውን በስልክ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አሉ። ስማቸውን ታውቃላችሁ። ልካቸውን ግን ታውቃላችሁ? ለገና ስጦታ ስትሰበስቡ ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከምታድሉ፣ አንዱን ልጅ በክር ለኩትና ለእርሱ ብቻ የሚሆን ነገር ሥሩለት። ሸሚዝ መስፋት ባትችሉ የደብተር ቦርሳ ትችላላችሁ። ቦርሳ ባትችሉ መሐረብ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል መጥለፍ ትችላላችሁ። የተለካ ልጅ አንድ ሰው እንዳየው ያውቃል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ፣ በሌላ ስሟ ዶርቃ፣ በኢዮጴ ታማ ሞተች። ጴጥሮስ በቅርብ ካለችው ከልዳ ተጠርቶ መጣ። ወደ ሰገነቱ ሲወጣ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት። ሉቃስ የጻፈልን የንግግራቸውን ቃል አይደለም፤ ያደረጉትን ነው። ዶርቃ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች አሳዩት። እነዚያ ሴቶች ባል የሞተባቸው፣ የሚያለብሳቸው ያጡ ነበሩ። ዶርቃ ለእያንዳንዳቸው ልክ አውጥታ መሆን አለበት የሰፋችው፤ ቀሚስ በጅምላ አይሰፋምና። እኔ ይህን ሳነብ ራሴን የምጠይቀው፣ ሰዎች ስለ እኔ በእጃቸው ይዘው የሚያሳዩት ምን ይኖራቸዋል? የሚለውን ነው። እናንተም ጠይቁ።

ከመሰናበቴ በፊት የዘንድሮውን ወሬ ልንገራችሁ። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እስከ መቶ ስለምትቆጥር የማስመሪያውን ሥራ ከእጄ ወስዳለች። ባለፈው ወር እታለም ስትደውል «የአንቺ ራስ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሻሽ ልትሰፋላት ነው። እታለም ክር ፈልጋ ራሷን ስትለካ፣ ቋጥራም ወደ ስክሪኑ ስታስጠጋልን አየናት። ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር። ሻሽ ልክ እንደማያስፈልገው ማናችንም ለልጅቷ አልነገርናትም።

ሻሹ ገና አላለቀም። አንዱ ዳር ተዘምዝሟል፤ መስመሩ ወደ ግራ ሄዷል፤ እናቴም «አይተረተርም» ብላለች። የሚወስድልን ሰው እየፈለግን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እታለም ራሷ መጥታ ብትወስደው እንመርጣለን። ስሟን አልጽፍላችሁም። ስትጸልዩ «እታለም» በሉ፤ ጌታ ማን እንደሆነች ያውቃል።